«አትጨነቁ» ስንል ምን እያልን ነው? የፊልጵስዩስ 4፥4–9 ስብከታችን በጎንደር ደጋ ሲመዘን

መግቢያ

ስልክ ስናነሣ «ሰላም ነው?» እንላለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ሰላምታ ብቻ ነበር፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ይመለስና ወደ ጉዳያችን እናልፍ ነበር። በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች እንደምታውቁት፣ ቃሉ ዛሬ የእውነት ጥያቄ ሆኗል። ጠያቂው መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ሌሊቱ ያለ ተኩስ ማለፉን፣ የወጣው ሰው መመለሱን መስማት ይፈልጋል።

ይህ የሆነበትን ምክንያት በረጅሙ መተረክ አያስፈልግም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ውጊያው ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻም በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በጃናሞራና በበየዳ ዝናብ ቀርቶ እህልና ከብት አለቀ። በእሑድ አምልኮ ፊታችን የሚቀመጠው ሕዝብ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

እኛስ ምን እንሰብክለታለን? ይህ ጽሑፍ የሚመዝነው አንድን መጽሐፍ ወይም አንድን ሰባኪ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀውን፣ ሁላችንም የሰበክነውን አንድ ስብከት ነው፤ የፊልጵስዩስ 4፥6–7ን ስብከት። እኔም ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ስለዚህ ሂሱ ከራሴ ይጀምራል።

1. ስብከቱ እንደሚሰበክ

ስብከቱ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛው፣ ጭንቀት የአለማመን ምልክት ነው፤ እግዚአብሔርን የሚያውቅ ሰው አይጨነቅም። ሁለተኛው፣ መፍትሔው በምስጋና የሚደረግ ጸሎት ነው፤ ጸሎት ሲቀርብ ሰላም ይመጣል። ሦስተኛው፣ ይህ ሰላም አእምሮ የማይደርስበት በመሆኑ በሁኔታ አይናወጥም። መዝጊያው ምስክርነት ነው፤ ተጨንቆ የነበረ ሰው ጸለየ፣ ጉዳዩም ተፈታ። ከዚያ የድል መዝሙር ይዘመራል፤ ጉባኤውም «አሜን» ብሎ ይበተናል።

ስብከቱ ቀላልና ግልጽ ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል። ለዓመታት ያገለገለንም ስለዚህ ነው። ጥያቄው ግን ሐዋርያው ያለውን ይላል ወይ ነው። ቀጥሎም፣ ልጇ ከወጣ ወራት ላለፉባት እናት የምሥራች ይሆናል ወይስ ተጨማሪ ሸክም?

2. ለስብከቱ የሚገባው ክብር

ከመተቸታችን በፊት ስብከቱ ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። የኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የድልና የመታመን ቋንቋ ከምቾት የተወለደ አይደለም። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ተዘግተው፣ አገልጋዮች ታስረው ነበር። ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆይቷል፤ የእርሱና የዘመን አጋሮቹ መዝሙሮች እስከ ዛሬ የሚያጽናኑን ዘማሪዎቹ ዋጋ ከፍለው ስለ ዘመሯቸው ነው። በቤት ውስጥ ጉባኤ በሹክሹክታ «ጌታ ይበቃኛል» ብሎ የዘመረ ትውልድ ሰላምን በተድላ አልለካም።

እንግዲህ ችግሩ የመታመን ቋንቋችን አይደለም። ችግሩ ቋንቋውን ከተወለደበት መከራ ነጥለን መውረሳችን ነው። አባቶች ከእስር ቤት ውስጥ የተናገሩትን እኛ ከመድረክ ላይ በእስር ላሉት እንናገራለን። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሲሰማ ግን አንድ አይደለም። በመከራ ውስጥ ያለ ሰው «አልፈራም» ሲል ኑዛዜ ነው፤ ከመከራው ውጭ ያለ ሰው ለተጨነቀው «አትፍራ» ሲል ግን ትእዛዝ ይሆናል፤ አንዳንዴም ወቀሳ።

3. አንዲት እናት ያነሡት ጥያቄ

በ2016 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በአንዲት ጉባኤ ይህንኑ ስብከት ሰበክሁ። ከአምልኮ በኋላ በዕድሜ የገፉ እናት በር ላይ ጠበቁኝ። እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ስብከትህ መልካም ነበር፣ ልጄ። ግን እኔ መጨነቄን ከተውሁ ልጄን ማን ያስብልኛል?» ልጃቸው ከቤት ከወጣ አራት ወር አልፎት ነበር። መልስ አልነበረኝም። «እጸልይልዎታለሁ፣ እማማ» አልሁና ሄድሁ።

ያ ጥያቄ ወደ ግሪክኛው መለሰኝ። ጥያቄው የእምነት ማነስ ሳይሆን ትክክለኛ የትርጓሜ ጥያቄ እንደ ነበረ የተረዳሁት ያኔ ነው። በፊልጵ. 4፥6 የተከለከለው ግሥ «ሜሪምናኦ» ነው። ይኸው ግሥ በዚያው መልእክት 2፥20 ላይ ይገኛል፤ በዚያ ግን ምስጋና ነው። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ ሲመሰክር፣ ስለ ፊልጵስዩስ ሰዎች ከልቡ የሚያስብ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው እንደሌለው ይናገራል፤ ያ «ማሰብ» ይኸው «ሜሪምናኦ» ነው። በ2ኛ ቆሮ. 11፥28 ደግሞ ሐዋርያው መከራውን ዘርዝሮ ሲጨርስ፣ በየቀኑ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ያለበትን ጭንቀት በዚሁ ግሥ ስም ይጠራዋል። አለማመኑን ሲናዘዝ አይደለም፤ የሐዋርያነቱን ማስረጃ ሲያቀርብ ነው።

ስለዚህ ሐዋርያው የከለከለው ስለምንወደው ሰው ማሰብን ሊሆን አይችልም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ጢሞቴዎስን ባመሰገነበት ብዕር ይኮንነው ነበር። በአማርኛችንም «ጭንቀት» ከ«ጭንቅ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጭንቅ ደግሞ የምጥ ስም ነው። ስለ ልጇ የምትጨነቅ እናት አንድ ጊዜ የወለደችውን ልጅ በልቧ እንደ ገና ታምጣለች። ያን ኃጢአት ብለን ስንጠራው ፍቅሯን ኃጢአት እያልን ነው።

ነገሩ እስከ ክርስቶስ ትምህርት ይደርሳል። በማርቆስ 14፥33 ጌታ በጌቴሴማኒ የደረሰበትን የነፍስ ጭንቅ ለመግለጽ ወንጌላዊው «አዴሞኔኦ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል። ይህ ግሥ በአዲስ ኪዳን እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ከእነዚህም አንዱ ፊልጵ. 2፥26 ነው፤ በዚያ አፍሮዲጡ መታመሙ በጉባኤው ስለ ተሰማ የተሰማውን ጭንቀት ይገልጻል። ጌታችን ያለ ኃጢአት እንደ ሆነ እናምናለን። እንግዲህ ጭንቀት ሁሉ አለማመን ነው የምንል ከሆነ፣ ስለ ጌቴሴማኒ ምን ልንል ነው? ከስብከታችን አንደኛ ነጥብ የሚወጣውን መደምደሚያ ማንኛችንም በነገረ ክርስቶስ ፈተና ላይ ለመጻፍ አንደፍርም። ታዲያ በመድረክ ላይ ስለ ምን እንደፍራለን?

ታዲያ የተከለከለው ምንድን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይመልሳል። የጭንቀት ተቃራኒ ሆኖ የቀረበው መረጋጋት አይደለም፤ ልመናን ለእግዚአብሔር ማስታወቅ ነው። የተከለከለው በራስ ውስጥ ተዘግቶ የሚብሰለሰል፣ ለእግዚአብሔር የማይነገር ጭንቀት ነው። በማቴ. 6፥24–34ም እንዲሁ ነው፤ ስለ ሁለት ጌቶች ከተነገረ በኋላ ስለ ጭንቀት ይነገራል፤ የሚወገዘውም ጌታ የሆነብን ጭንቀት ነው። ለእናቲቱ መናገር የነበረብኝ «ስለ ልጅዎ አያስቡ» ሳይሆን «ብቻዎን አያስቡ፤ ያሰቡትን ሁሉ ለአባቱ ይንገሩ» ነበር።

4. የተዘለሉት ቁጥሮች

ሁለተኛው የስብከታችን ድክመት ሁለት ቁጥሮችን ከዙሪያቸው ቆርጦ ማውጣቱ ነው። እስቲ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ከፊትና ከኋላ ያለውን ተመልከቱ።

በ4፥2–3 ሁለት እኅቶች፣ ኤዎድያንና ሲንጤኪ፣ ተለያይተዋል፤ ሐዋርያው በጌታ እንዲስማሙ ይለምናቸዋል፣ ሦስተኛ ሰውም እንዲረዳቸው ይጠይቃል። ስለ ሰላም የተነገረው በተከፋፈለ ጉባኤ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይህ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ዛሬ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ምእመናን ዘመዶቻቸው በተለያየ ወገን የቆሙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ሲጸልይ ሌላው «አሜን» ለማለት የሚያመነታበት ጉባኤ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የውስጥ ሰላም ቢሰበክለትም፣ የፊልጵስዩስን ሰላም ገና አልሰማም።

በ4፥5 ሁለት ነገር አለ፦ ገርነታችን ለሰው ሁሉ እንዲታወቅ፣ ጌታም ቅርብ እንደ ሆነ። «አትጨነቁ» የሚለው ቃል የቆመው በዚህ ቅርበት ላይ ነው። የጌታን ቅርበት ሳንሰብክ ትእዛዙን ብቻ ስንሰብክ፣ መሠረቱን ትተን ጣሪያውን በሰው ራስ ላይ እናሳርፋለን።

በ4፥9 የሰላም አምላክ ከእነርሱ ጋር እንደሚሆን የተነገረው የተማሩትን ለሚያደርጉ ነው። በ4፥10–19 ደግሞ ሐዋርያው ጉባኤው በአፍሮዲጡ እጅ ስለ ላከለት ስጦታ ያመሰግናል፤ በመከራው በመካፈላቸው መልካም እንዳደረጉ ይነግራቸዋል። በእስር ላለው ሰው ከሰላሙ ጋር አብሮ የደረሰው ስንቅ ነበር ማለት ነው። በ2ኛ ቆሮ. 7፥5–6ም ተመሳሳይ ነገር እናነባለን፤ ጳውሎስ በመቄዶንያ ዕረፍት አጥቶ፣ ውጭው ጠብ ውስጡ ፍርሃት ሆኖበት ሳለ፣ እግዚአብሔር ያጽናናው በቲቶ መምጣት ነው። በራእይ ወይም በድንገተኛ የውስጥ መረጋጋት ሳይሆን በአንድ ወንድም መድረስ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። እንግሊዝኛ አንባቢ ትእዛዙ ለአንድ ሰው ይሁን ለብዙ ከቃሉ ሊለይ አይችልም። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ልክ እንደ ግሪክኛው «አትጨነቁ»፣ «ልባችሁን»፣ «አሳባችሁን» ይላል፤ ሁሉም በብዙ ቁጥር ነው። ቋንቋችን የጠበቀልንን እኛ በስብከት እናጠፋዋለን፤ ለጉባኤ የተሰጠውን ለአንድ ሰው፣ ያውም በልቡ ጓዳ ብቻውን ሊፈጽመው፣ እናሸክመዋለን።

5. የሚጠብቅ ሰላም

በ4፥7 ሰላሙ «ይጠብቃል» ተብሏል። ግሪክኛው «ፍሩሬኦ» የወታደር ቃል ነው፤ የጦር ጥበቃ ከተማን ሲጠብቅ የሚባልበት። ፊልጵስዩስ ጡረታ የወጡ ወታደሮች የሰፈሩባት የሮም ቅኝ ከተማ ነበረች፤ አድማጮቹ ቃሉን አልሳቱትም። ማብራሪያዎች ብዙውን ጊዜ እዚህ ይቆማሉ፦ ሰላም በከተማዋ በር ላይ እንደሚቆም ዘብ ነው፣ እንዴት የሚያምር ምሳሌ ነው!

በጎንደር ይህን ምሳሌ ስትሰብኩ ግን ቆም በሉ። ለአድማጫችሁ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ሁልጊዜ የመረጋጋት ምልክት አይደለም። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ የወረደ ሰው «ጠባቂ» ሲባል የሚሰማውን እናንተ ታውቃላችሁ። ደስ የሚለው፣ ጳውሎስም ያውቀዋል። በ2ኛ ቆሮ. 11፥32 ይኸው ግሥ እርሱን ለመያዝ ደማስቆን ስለሚያስጠብቅ ገዥ ተነግሯል። በፊልጵ. 1፥13 ደግሞ በእስራት ሆኖ ስለ ንጉሡ ጠባቂዎች ይናገራል። በጦር ጥበቃ ሥር ያለ ሰው ነው፣ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁን ይጠብቃል የሚለው። ሥጋውን የሚጠብቁት ልቡን አይጠብቁም፤ ልቡ በሌላ ጥበቃ ሥር ነው። ምሳሌው እንዲህ ሲነበብ የፈራውን ሰው ፍርሃት አይንቅም፤ ፍርሃቱ እስከ ምን ድረስ ሥልጣን እንዳለው ይነግረዋል እንጂ።

«መጠበቅ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፤ መጋረድም ነው፣ ተስፋ አድርጎ መቆየትም ነው። ይህን በግሪክኛው ላይ መጫን አንችልም፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ለሚሠራ ተማሪ ውጤት እቀንሳለሁ። ነገር ግን ሁለቱ አሳቦች በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አብረው መገኘታቸው እውነት ነው፤ በመዝሙር 130 ነፍስ ጌታን የምትጠባበቀው ሌሊት ዘብ የቆሙ ሰዎች ንጋትን ከሚጠባበቁት ይልቅ ነው። እግዚአብሔር ይጠብቀናል፤ እኛም እንጠብቀዋለን። ሰላም የሌሊቱ ማለቅ አይደለም፤ ሌሊቱን ከጠባቂ ጋር ማሳለፍ ነው።

6. ከአካባቢያችን ታሪክ

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚዘዋወር አሳብ እንዳይመስል፣ በዚሁ አገር ወንጌልን ይዘው ከነበሩት ሁለት ሰዎችን እናስብ።

ማርቲን ፍላድ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በቤተ እስራኤላውያን መካከል ያገለገለ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነበር። ንጉሡ አውሮፓውያንን ባሰሩ ጊዜ እርሱም ከነቤተሰቡ በእጃቸው ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሡ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክተኛ አድርገው ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን እንደ መያዣ ቀሩ። ፍላድ እንግሊዝ ደርሶ መልእክቱን አቀረበ፤ በሰላም አገር፣ በነፃነት ቆሞ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ተመልሶ ወደ እስረኞቹ መጣ፤ ነፃ የወጡትም ከመቅደላው ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1868 ነው። የስብከታችንን መለኪያ ብንጠቀም ኖሮ ፍላድ ሰላም የነበረው ለንደን ላይ ነው። በፊልጵስዩስ መለኪያ ግን ሰላሙ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ በነበረው ጭንቀት ተገፍቶ ወደ መከራው መመለስ የሚችል ሰላም ነበር። ጭንቀቱ ከእምነቱ አላወጣውም፤ መንገዱን አሳየው።

ሁለተኛው ሚካኤል አረጋዊ ነው፤ በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰና በደምብያ በጀንዳ የነበረውን አገልግሎት ለረጅም ዘመን የመራ። የውጭ ሚሲዮናውያን ወደ አካባቢው መግባት ባልቻሉበት ዘመን ሥራውን የያዙት እንደ እርሱ ያሉ የአገር ልጆች ነበሩ። በዚያ ዘመን ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች ገብተው ጎንደርን አቃጠሉ፤ ወዲያውም የከብቱ ዕልቂት ተከተለ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብም መጣ። ያቺ አነስተኛ የአማኞች ጉባኤ ተበታተነች፤ ብዙዎችም አለቁ። በዚያ ዘመን ወንጌልን ይዞ መቆየት ማለት ከተራበ ሕዝብ ጋር አብሮ መቆየት ነበር። የእኛን ስብከት በክፉ ቀን በጀንዳ የሚሰብክ ሰው በመዝጊያው ላይ የሚናገረው የተፈታ ጉዳይ አያገኝም ነበር። የምሥራቹ ግን በዚያ ዘመንም የምሥራች ነበረ።

ይህ መመዘኛ ይሁነን፦ በክፉ ቀን ሊሰበክ የማይችል የሰላም ስብከት በደግ ቀንም ሊሰበክ አይገባውም።

7. የጠፋብን ልቅሶ

ከስብከቱ በኋላ የሚዘመረው ነገርም መመዘን አለበት። ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሰቆቃ መዝሙር ነው። በጉባኤያችን ከሚዘመሩት መዝሙሮች ስንቱ «ጌታ ሆይ፣ እስከ መቼ?» ብሎ ይጠይቃል? ባለፉት አራት እሑዶች የዘመራችሁትን ጻፉና ቍጠሩት፤ መልሱን ከእኔ ይልቅ ዝርዝራችሁ ይነግራችኋል።

መዝሙር 88 (በግእዙ ዳዊት 87) ከሰቆቃ መዝሙሮች ሁሉ የከፋው ነው፤ በጨለማ ይጀምርና በጨለማ ያበቃል፤ የመጨረሻውም የዕብራይስጥ ቃል ጨለማ ነው። ምስክርነት የለውም፣ የድል መዝጊያም የለውም። ቢሆንም ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል፤ የሚነገረውም ለእግዚአብሔር ነው። ልመናውን ለእግዚአብሔር ያስታወቀ ሰው ነው፤ እንግዲህ በፊልጵ. 4፥6 መሠረት ይህ ሰው ታዛዥ ነው።

በቀብር ላይም እንዲሁ ነው። አካባቢያችን ማልቀስ ያውቃል፤ ሙሾ አለው፣ ለቅሶ ቤት አለው፣ እድር አለው። እኛ ግን «የአማኝ ቀብር ነው» በማለት ያለቀሰችውን ዝም እናሰኛለን፤ ለዚህም 1ኛ ተሰ. 4፥13ን እንጠቅሳለን። ቃሉ የሚከለክለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን እንጂ ማዘንን አይደለም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ሊያስነሣው እየሄደ ሳለ ነው። ጳውሎስም ሁልጊዜ ደስ እንዲለን ባዘዘበት በዚያው መልእክት 3፥18 ላይ በዕንባ እየጻፈ እንደ ሆነ ይናገራል። ደስታና ዕንባ በአንድ ብዕር ተጽፈዋል፤ እኛ ነን የለያየናቸው።

ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክሳውያን በመከራ ዘመን ምሕላ ይይዛሉ፤ ሕዝቡ በአንድነት ቆሞ «እግዚኦ» ይላል። ስለ ምልጃና ስለ ሥርዓት ያለን ልዩነት የታወቀ ነው፤ እዚህ የምሸሽገው ነገር የለም። ነገር ግን መከራን የሕዝብ መከራ አድርጎ በአንድነት ወደ እግዚአብሔር መጮኽ የኢዩኤል 2 ትምህርት ነው፤ ይህን ከእነርሱ ብናስታውስ አናፍርበትም። የእኛ ጉባኤ ሲጸልይ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ስለ ራሱ ጉዳይ ይጮኻል፤ ሲያበቃ ማን ስለ ምን እንዳለቀሰ ማንም አያውቅም።

8. ሁለት ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «ለልቅሶ ቦታ ከሰጠን ሕዝቡ ተስፋ ይቆርጣል» የሚል አለ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ሁልጊዜ ደስ ይበላችሁ የሚለው ትእዛዝም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን ያልተነገረ ኀዘን አይጠፋም፤ ከጉባኤ ይሸሻል እንጂ። «ሰላም አለኝ» ማለት ግዴታ በሆነበት ቤት ሰላም የሌለው ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ይቀራል። ኤርምያስ (6፥14) የወቀሳቸው ነቢያት ጥፋት ሰላም መስበካቸው አልነበረም፤ የሕዝቡን ስብራት አቃልለው መፈወሳቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ «ይህ የመንፈሳዊ ነገርን ቦታ ለሥነ ልቦና መስጠት ነው» ይባል ይሆናል። አይደለም። ከጦርነትና ከረኃብ በኋላ እንቅልፍ ያጣ፣ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ የሚርበደበድ፣ ምግብ የተወ ሰው ሊታመም እንደሚችል ማመን የጸሎትን ኃይል መካድ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የሰውን ሥጋ ለማከም ነበር፤ ዛሬ የአእምሮ ሕክምና ክፍልም አለው። ለሆድ ሕመሙ ጢሞቴዎስን ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲጠጣ የመከረ ሐዋርያ (1ኛ ጢሞ. 5፥23) የታመመውን ወደ ሐኪም በመላካችን አይወቅሰንም። «መድኃኒትህን ጣልና እመን» ያለ አገልጋይ ግን በፊልጵስዩስ 4 ስም ያልተጻፈ ነገር ጨምሯል።

9. ለመድረካችን

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንባቡን መተው ሳይሆን ሙሉውን መስበክ ነው። አራት ነገር ልለምናችሁ።

ከቁጥር 2 ጀምራችሁ እስከ 19 ስበኩ፤ በአንድ እሑድ ካልበቃ በሦስት። «ጌታ ቅርብ ነው» ከ«አትጨነቁ» አስቀድሞ ይሰማ።

የምስክርነት ጊዜ ጉዳዩ ላልተፈታለትም ይሰጥ። «ገና አልተመለሰም፤ ገና እየጸለይሁ ነው» ማለት በጉባኤ መካከል ሙሉ ምስክርነት ይሁን።

በወር አንድ ጊዜ የሰቆቃ መዝሙር በጉባኤ ይነበብ፤ የሞቱትና የጠፉት በስማቸው ይታሰቡ፤ በየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ የእናቶቻቸው ዕንባ አንድ ነውና።

ከስብከቱ በኋላ አንድ ሰው ወደ አንድ ቤት ይሂድ። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ ድረስ ባልተረጋጋ መንገድ ወንድሙን ሊጠይቅ የሄደ አገልጋይ የቲቶን ሥራ ሠርቷል። የተሸከመው ስንቅ ቢያንስ እንኳ የመድረሱ ነገር ራሱ ስብከት ነው።

ማጠቃለያ

ስብከታችንን የምተቸው ሰላም የሚባለው ነገር ስለሌለ አይደለም። ስላለ ነው፤ እኛ ከምንሰብከውም ይበልጣል። የምንሰብከው ሰላም ያልተጨነቁትን ያጽናናል። ሐዋርያው የሰበከው ግን በሰንሰለት ያለውን፣ የታመመውን አፍሮዲጡን፣ የተጣሉትን ሁለት እኅቶች፣ ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርበት የፈራውን ራሱን ጳውሎስን የሚይዝ ሰላም ነው። ይህ ሰላም ስሜት ከመሆኑ በፊት ሰው ነው፤ በጌቴሴማኒ የተጨነቀ፣ በመስቀሉ ሰላምን ያደረገ፣ ተነሥቶም ከተቸነከረ እጁ ጋር በፈሩት መካከል የቆመ።

ወደ እኒያ እናት ቤት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄድሁ። ስብከት አልያዝሁም፤ ከጉባኤው ሁለት እኅቶች አብረውኝ ነበሩ፣ ቡና ተፈላ። ስለ ልጃቸው ጠየቅናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምረው ነገሩን፣ አለቀሱ፣ እኛም አለቀስን። ከዚያ መዝሙር 130ን አነበብን፤ የልጁንም ስም ጠርተን ጸለይን። ስንነሣ «ዛሬስ ቀለለኝ» አሉ። ልጁ ያን ቀን አልመጣም፤ እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስም ወሬው አልተሰማም። እርሳቸው ግን በየእሑዱ ይመጣሉ፤ ሁለቱ እኅቶችም አጠገባቸው ይቀመጣሉ።

የሚቀጥለው እሑድ ፊልጵስዩስ 4ን ለመስበክ ተዘጋጅታችሁ እንደ ሆነ፣ ዝግጅታችሁን ከመጨረሳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፉ፦ ይህን ስብከት እኒህ እናት በፊቴ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን እያየሁ ልሰብከው እችላለሁን? ካልቻላችሁ፣ የሚጐድለው የእርሳቸው እምነት አይደለም። ወደ ምንባቡ ተመለሱ፤ የጐደለው ሁሉ እዚያው አለ።